ከጽጌረዳው ሥር ያለችው ቅጠል

የአሮጊቷን የሂልትሩድን የአበባ ማስቀመጫ ሊገዛ የመጣው ሰው ጠርዙን በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። በጀርመኗ ማይሰን ከተማ ፖርሴሊን የሚባለው ስስ ነጭ ሸክላ የሚመረጠው በጆሮ ነው፤ ደህናው እንደ ደወል ያቃጭላል። ይኼ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጎረነነ።

«እማማ፣ ይኼ ተሰብሮ የተጠገነ ነው።»

«ሂድና ጆሮህን ታጠብ! የአያቴ ዕቃ ነው። እኔ ቤት ማን ደፍሮ ይሰብራል? ሟቹ ባሌ እንኳ በአጠገቡ ሲያልፍ ትንፋሹን ይውጥ ነበር።»

ሰውየው ማስቀመጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። ማስቀመጫው ላይ ከተሳለው ጽጌረዳ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ዞሯል፤ ስንጥቁን ለመሸፈን አንዲት ሰማያዊ ቅጠል ተስላበታለች።

«የጠገነው ግን እጁ የተባረከ ነው» አለ።

ሂልትሩድ ቅጠሏን አወቀቻት። ጫፏ ወደ ግራ የተቆለመመች፣ ባሏ ኤክሃርት ዕድሜውን ሙሉ በፖርሴሊን ፋብሪካው ሲስላት የኖረ ቅጠል ናት። ለካ ሰብሮት ኖሯል። የሚስቱን ምላስ ፈርቶ ጠገነው፤ ፈርቶም ሳይነግራት ሞተ።

«አንተ ጅል! ለዕቃ ብለህ ነው እኔን የፈራኸው…» ብላ ባሏ ይቀመጥበት ወደነበረው የምድጃ ዳር ወንበር ዞረች።

ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም።