ዋንጫውን ያነሣው በረኛ

የተወረወረው የፕላስቲክ ወንበር የነዕማን ቅንድብ ተርትሮ መድረኩ ላይ ተንከባለለ። ደሙ ዐይኗን ሸፈነው። እሷ ግን ማይኩን አልለቀቀችም።

«ፊልሙ ያምራል አልኩ እኮ!» ብላ ጮኸች። «እኔም አልቅሻለሁ! ግን በረኛው ነብዩ ዋንጫ አላነሣም። ከፍጻሜው በፊት ከአውቶብስ አውርደው ገድለውታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን!»

«ልታጫርሰን ነው! አውርዷት!» ተባለ ከተመልካቹ መካከል።

ትንሽ ቀደም ብሎ የአሶሳው አዳራሽ በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። የታየው የከተማዋ የእግር ኳስ ቡድን በዚያ የግጭት ዓመት እንዴት ዋንጫ እንደወሰደ የሚተርክ ፊልም ነው፤ በርታው፣ ሰፋሪው፣ ኦሮሞው ተቃቅፎ አልቅሷል። መብራቱ ሲበራ አስተያየት ተጠየቀ። በሬዲዮ ፊልም የምትተቸው ነዕማም ወጣች።

ታሪኩ የእሱ ነውና የቡድኑ አምበል ዓብዱልላጢፍ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳይሬክተሩ «ሰው ተስፋ ይፈልጋል፤ በረኛው ይኑር» ሲለው ደስ ብሎት ነበር። የነብዩ እናት ልጃቸውን በሕይወት ሲያዩ ልባቸው ትንሽ ያርፍ እንደሆነ ብሎ።

አሁን አንዱ ጎረምሳ የነዕማን ሻሽ ከነፀጉሯ ጠቅልሎ ወደ መድረኩ ጠርዝ ይጎትታታል። ዓብዱልላጢፍ ዘሎ ወጣና በትከሻው ገጨው። ወዲያው ከጎኑ የመጣ ቡጢ ከንፈሩን ከጥርሱ ጋር አጣበቀው። ጨው ጨው አለው።

«ማነው የገደለው? ማን እንደሆነ ተናገሪያ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ያን ጊዜ አዳራሹ ለሁለት ተሰነጠቀ። የቅድሙ ተቃቃፊ አንገት ለአንገት ተናነቀ። ጠርሙስ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ፣ የቀበቶ ዘለበት አየሩን ቀደደ፣ ሰው ሰውን ረግጦ ወደ በሩ ተጋፋ። ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ሥር ተደበቀ።

ዓብዱልላጢፍ ነዕማን አስተኝቶ ላይዋ ላይ ወደቀ። ርግጫው ጎድኑን አገኘው። ደገመው። ሦስተኛው ላይ አጥንቱ ሲንቋቋ ተሰማው።

በሰዎቹ እግር መካከል ነጭ ነጠላ አየ። እማማ የሻረግ፣ የነብዩ እናት፣ የመድረኩን ደረጃ ይወጣሉ።

ዓብዱልላጢፍ ሲደነግጥ አማርኛው ይሰባበርበታል፤ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል። «እማማ፣ ተመለስ! ይመቱሃል!»

አልተመለሱም። ሊራገጥ እግሩን ያነሣው ጎረምሳ ደረት ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ጎረምሳው እግሩን መለሰ። ከመድረኩ የጀመረው ጸጥታ ወደ ኋላ ወንበሮች እየተንሸራተተ ወረደ።

«ቅድም ዋንጫውን ሲያነሣ ሁላችሁም አጨበጨባችሁለት» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔ እጄ ለጭብጨባ አልነሣ አለኝ። ልጄን እነዚያ ወሰዱት። እናንተ ደግሞ ሞቱን ወሰዳችሁብኝ። ታዲያ እኔ ማንን ላልቅስ?»

ወደ ዓብዱልላጢፍ ጎንበስ አሉ።

«አንተ አብረኸው ነበርክ። ሬሳውን አመጣችሁልኝ እንጂ እንዴት እንደሆነ አንድ ቀን አልነገርከኝም። እኔም መስማቱን ፈርቼ አልጠየቅኩህም። አሁን ንገረኝ።»

ዓብዱልላጢፍ የከንፈሩን ደም በክንዱ ጠረገ።

«አውቶብሱ በር ላይ እጁን ያዝኩ፣ እማማ። እነሱ ወደ ውጭ ጎተቱ፣ እኔ ወደ ውስጥ። በሰደፍ እጄን መቱኝ። ነብዩ፣ ‹ልቀቀኝ ላጢፍ፣ ሁላችሁንም ይጨርሷችኋል› አለ። እኔ አልለቀቅኩም። እጄ ነው የለቀቀው።»

ነዕማ ሥሩ ሆና ስታለቅስ ሰማ።

«የትኛው እጅህ ነው?» አሉ እማማ የሻረግ።

ቀኙን ዘረጋላቸው። ሁለቱ ጣቶች ከዚያ ቀን ወዲህ ተቃንተው አያውቁም። እማማ የሻረግ መድረኩ ላይ ተቀመጡ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መዳፉን ገለበጡና፣ እዚያው ሰው ሁሉ እያየ፣ ጉንጫቸውን አስደገፉበት።