ስምንት መቶ ግራም

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ዳቦ እየቆረጥሁ ሳለ ጎረቤቴ ዝናሽ ገባች። ነዳጅ በቧንቧ ለየቤቱ በኪሎ መደልደል ከጀመረ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች። የየቤታችን ቫልቭ የሚያውቀው ሊትር ብቻ ነው፤ አንዴ ከተስተካከለ ደግሞ እስከ ሳምንቱ አይነካም።

«እትዬ፣ ለእንቁላል ማስፈልፈያዬ በሰዓት አራት መቶ ግራም ተፈቅዶልኛል። የተማረ ጎረቤት እያለኝ መቼም በግምት አልከፍተውም!»

ሟቹ ባለቤቴ በኩሽናው በር ላይ «አንድ ሊትር፣ 800 ግራም» ብሎ በጠመኔ ጽፎ ነበር። በዚያው አካፍዬ «ግማሽ ሊትር» አልኋት።

አዲሱ ነዳጅ ቀላል መሆኑን፣ ሊትሩ ሰባት መቶ ግራም ብቻ እንደሚመዝን ከወር በፊት በሬዲዮ ሰምቻለሁ። የእሱን ጽሕፈት ማጥፋት አልሆነልኝም። የእኔ ሻይ ቢዘገይም ይፈላል፤ የዝናሽ እንቁላሎች ግን ሙቀት አነሳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ዐይኗ ቀልቶ መጣች።

«ከሰማንያው አንድም አልተፈለፈለም። እንቁላሉ ይሆናል እንጂ የእርስዎ ሒሳብማ አይሳሳትም።»

«ይሆናል» አልኋት፣ የምቆርጠውን ዳቦ እያየሁ።

ከሄደች በኋላ ብዙ ተቀመጥሁ። «ተነሺ፣ ሂጂና እውነቱን ንገሪያት» የሚለኝ ሰው በዚህ ቤት የለም።