በፈታኟ ፊት ዘጠኝ ሰከንድ

«ጨረስክ?» አሉኝ ፈታኟ በእንግሊዝኛ።

ራሴን ነቀነቅሁ… ዓይኔን ከጠረጴዛው ሳላነሳ።

በእንግሊዝኛው የንግግር ፈተና የደረሰኝ ጥያቄ «ታላቅህ ከሰጠህ ምክር ያልተስማማህበትን ተናገር» የሚል ነበር። ሁለት ደቂቃ ማውራት አለብኝ።

ፈታኟ ግን ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ እናቴን የሚበልጡ ሴት ናቸው።

እኔ ደግሞ የዳንግላ ልጅ ነኝ… ቤት አዊኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ። በሦስቱም ግን ሽበት ፊት አንገት መድፋትን ነው አስቀድሜ የተማርኩት።

«የታላቅ ምክር ሁሉ ጥሩ ነው» አልኩና አበቃሁ።

ዘጠኝ ሰከንድ!

ውጤቱ ሲመጣ ማንበብና ማዳመጡን አልፌያለሁ… መናገርና መጻፉን ወድቄያለሁ።

ውጭ አገር ያገኘሁት የነጻ ትምህርት ዕድል የሚጠብቀኝ እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ነው። እስከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና እፈተናለሁ። ከወደቅሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ልዋሻችሁ አልችልም… ፈራሁ።

ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ መሰለኝ። ደብተር ገዝቼ፣ ቁጥር እየሰጠሁ፣ በቀን አርባ ቃል መሸምደድ ጀመርኩ።

የባሰ ፈራሁ። ቃሉ በበዛ ቁጥር ምላሴ ከበደኝ…

አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ፣ የእንግሊዝኛ መለማመጃ ግሩፕ ውስጥ እየተንተባተብኩ የቀዳሁትን ድምፅ ከላክሁ በኋላ «ፋና» የምትባል ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ።

«ድምፅህን ቅዳና ላክልኝ። አርምሃለሁ።»

ፕሮፋይሏ ላይ አበባ እንጂ ፎቶ የለም። ድምፅ አትልክም፤ በጽሑፍ ብቻ ነው የምትመልሰው።

ለሰባት ሳምንት ኔትወርክ ባለ ቀን ሁሉ ላክሁላት። የወደቅሁበትን ጥያቄ ሳይቀር ነገርኳት።

የሚገርመው… ለእሷ ሳወራ ሁለት ደቂቃ አይበቃኝም ነበር!

የጻፍኩትንም ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለኝ፦

«የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ጽፈሃል። አንተስ ምን ትላለህ? ማንን ነው የምትፈራው?»

ፈተናው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ጋሪ ተራው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ና። ፊት ለፊት እንለማመድ።»

ሸሚዜን ተኮስኩ… ሽቶም ተቀባሁ።

ጓደኛዬ አበረ በር ላይ ሲያየኝ «አንተ! ለፈተና ነው ወይስ ሽማግሌ ልትልክ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሻይ ቤቱ ስገባ ግን በሩ ላይ ቆምኩ።

ጥግ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡት… መምህር ይሄነው ናቸው!

ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ሳያቸው በሌላ በኩል የምዞረው።

ልወጣ ስዞር…

«ወዴት ነው? ና ተቀመጥ» አሉኝ። «ፋና የልጅ ልጄ ናት። ስልኩ የእሷ ነው። ስታወራ የከረምከው ግን ለእኔ ነው።»



«ቲቸር… ለምን ታዲያ አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትናገር ነበር?»



ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሰዓት መቁጠሪያውን ከፈቱ።

«በል፣ ያቺን የወደቅህባትን ጥያቄ። እኔ ካልኩህ ነገር ያልተስማማህበትን ንገረኝ። በእንግሊዝኛ።»

«ቲቸር፣ እርስዎ ያሉኝ ሁሉ ጥሩ ነው…»

«ስድስት ሰከንድ! ጭራሽ ቀነሰ እኮ! እንደገና።»

ውጭ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማኛል… እንዳልናገር እሱን መቁጠር ያዝኩ።

በሦስተኛው ሙከራ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ… ወጣ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳው ላይ የጻፉት መልስ ስህተት እንደነበር ነገርኳቸው። እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ ተሳስቷል» እንዳልኩ። ዱላቸውን ዴስኬ ላይ አጩኸው «ታላቅ ሲናገር አንገት ይደፋል!» እንዳሉኝ። ክፍሉ ሁሉ እንደሳቀብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ እንደማላውቅ…

ሰዓቱ ጮኸ። ሁለት ደቂቃ።

መምህር ይሄነው ሻያቸውን አልነኩትም።

«ያን ቀን ልክ ነበርክ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ሳይ አወቅሁ። በማግስቱ በጓደኞችህ ፊት መናገር ነበረብኝ… ግን ፈራሁ።»

መምህር ይሄነው… ፈራሁ አሉኝ!

«ፋና ግሩፑን ከፍታ ስታዳምጥ ድምፅህን ሰማሁ። ስትንተባተብ አወቅሁህ። አፍህን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሳልሞት ልክፈተው ብዬ ነው… ልጄ፣ እኔ ዝምታህ አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። ፈታኝ ግን የሰማውን ብቻ ነው የሚመዝነው።»

የፈተናው ቀን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የዚህኛውም ቀን ፈታኝ የሸበቱ ሽማግሌ ነበሩ።

ግን ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ… ማውራት ጀመርኩ… በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው «ይበቃል፣ ሰዓቱ አልቋል» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ጽሑፉም ላይ የመጀመሪያዬ ዓረፍተ ነገር «እኔ አልስማማም» የሚል ነበር።

አለፍኩ።

ውጤቱን ይዤ መምህር ይሄነው ቤት ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

አንገታቸውን ቀድመው የደፉት… እሳቸው ነበሩ።

ወዳጆቼ፣ ታላቅን ማክበር ጥሩ ነው። ልጅ «ተሳስተዋል» ሲል ማስፈራራት ግን ማስከበር አይደለም… ዓመታት የሚቆይ ዝምታ መዝራት ነው። የተሳሳተ ታላቅ ደግሞ ቢዘገይም «ልክ ነበርክ» ቢል ክብሩ አይቀንስም።

እናንተን ዝም ያሰኛችሁ ቃል የቱ ነው? ወይስ… እናንተ ዝም ያሰኛችሁት ልጅ አለ? ዛሬ «ልክ ነበርክ» የምትሉት ለማን ነው?

ሳትፈሩ ጻፉልኝ።