ማለቂያ ያጣው ጂኦግራፊ

በ1992 እ.ኤ.አ. ጸደይ፣ እስራኤል ውስጥ አሽቀሎን ከተማ ባርኔአ ሰፈር ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ደወሉ ጠፋ። የነሐስ ደወል ነው፤ ባለ እጀታ፤ ኮሪደሩ ላይ ከምስማር ይንጠለጠላል። የትምህርት ቤቱ ደንብ «ትምህርት በደወል ይጀመራል፣ በደወል ያልቃል» ይላል። ደወል ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚል ነገር ግን አልተጻፈበትም።

ስለዚህ፣ በዚያ አገር የትምህርት ሳምንት በሚጀመርበት በእሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የተጀመረው የስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ እስከ ማክሰኞ አላለቀም። ልጆቹ ማታ ማታ ቤታቸው ሄደው የሚያድሩት «ሽንት ቤት ልሂድ» ብለው አስፈቅደው ነው። ጠዋት ሲመለሱ መምህርት ሺሪ «ምነው ቆያችሁ?» ትላቸዋለች። ምስኪን፣ የዓለምን ወንዝ ሁሉ ጨርሳ አሁን የገዛ ቤቷን የቧንቧ መስመር እያስተማረች ነው።

ጣጣው የወረደው በትዋበች ላይ ነው። ትዋበች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የዚያ ሳምንት የደወል ተረኛ እሷ ነበረች። እሑድ ደውላ ሰቀለችው፤ የመውጫውን ልትደውል ስትመለስ ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ግቫት ጺዮን ከሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ እየተመላለሰች ያለ ክፍያ ነው የምትማረው። እዚህ ስትገባ አባቷ አቶ ቸሬ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ለሚጣሉት ዘመድ ሳይቀር።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ግቢው መሀል ቆመው በድምፅ ማጉያ ማሉ። ድምፅ ማጉያው ባለፈው ዓመት በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሚሳይል ሲወርድ ልጆቹን መጠለያ ለማስገባት የተሰጣቸው ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ እሳቸው ግን ከአፋቸው አላወረዱትም። ቢሮ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንኳ በእሱ ነው የሚናገሩት።

«ደወሉን የወሰደ ይባረራል! እስከ ሐሙስ ሌባው ካልታወቀ ተረኛዋ ትባረራለች! ምያለሁ!»

ትዋበች አንገቷን ደፋች።

«አያችሁ? ዓይኔን ማየት አቃታት!»

እውነቱን ለመናገር፣ ትዋበች የማንንም ትልቅ ሰው ዓይን አይታ አታውቅም። ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ትምህርት ቤቱን የምታውቀው ከጉልበት በታች ነው። ለእሷ መምህርት ሺሪ ማለት የተበጠሰ ነጠላ ጫማ ነች። ዳይሬክተሩ ደግሞ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ የግራው ክር ቡናማ፤ አንዳንዴ ሱሪያቸው ጫፍ ላይ ሣር ተለጥፎ ይታያል።

ታዲያ ይሄ ለመርማሪ መች ይጎዳል! ማክሰኞ ሽንት ቤት አስፈቅዳ ወጣችና ምስማሩ ሥር ተንበረከከች። ወይ ጉድ! የደረቀ ጭቃ፤ የቦቲ ዱካ።

አረንጓዴ የላስቲክ ቦቲ የሚያደርጉ በግቢው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከመጠለያው ጀርባ አትክልት የሚኮተኩቱ ሽማግሌ። ሌሎቹ ልጆች እዚያ ድርሽ አይሉም። ትዋበች ግን ምሳዋን የምትበላው እዚያው ነው፤ በዕብራይስጥ «ሳባ» ትላቸዋለች፣ አያቴ እንደማለት። ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ ችግኝ ጩኸት አይወድም ይላሉ። ዳይሬክተሩን ሳይፈሩ አይቀሩም፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ቆመው አይታ አታውቅም።

ትዋበች አትክልቱ ጋ ሄዳ ቦቲዎቹ ፊት ቆመች። «ሳባ፣ ደወሉን የወሰዱት እርስዎ ነዎት?»

ቦቲዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። የነሐሱ ደወል አፈር ላይ ተደፍቶ እጀታው ወደ ላይ ቀጥ ብሏል።

«ያመመች የቲማቲም ችግኝ አለችኝ» አሉ ሹክ ብለው። «የባሕሩ ነፋስ ሊገድላት ሆነ። ለአንድ ሰዓት ብዬ ነው የደፋሁባት። ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ፣ መሐላው መጣ።»

«እና አሁን ይመልሱታ!»

«ማን ወሰደው ሲባልስ? የሠላሳ ዓመት ስሜ ነው፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ልዋረድ?» በቦቲያቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። «ዳይሬክተሩ እንደሆኑ አንዴ ከማሉ ማሉ ነው። አውቃቸዋለሁ፤ ግትር ናቸው።»

ትዋበች እስከ ግቫት ጺዮን አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች። ብትናገር ትድናለች። ግን አባቷ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ ነው የሰማችው፤ የሽማግሌን ስም አፈር አስግጣ እንዴት ተመልሳ ጂኦግራፊ ትማራለች? ሳባ ከሥራ ቢባረሩ በዚያ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል? እሷ ልጅ ናት፤ ሌላ ትምህርት ቤት አይጠፋም። እንዲህ ብላ ወሰነች፣ ከዚያም እንደገና አለቀሰች።

ሐሙስ አቶ ቸሬ ተጠርተው፣ የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ። መምህራኑ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ዳይሬክተሩ ከፊት በኩል እስከ ወለሉ ድፍን ከሆነ ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል።

«ማነው የወሰደው?» አሉ በድምፅ ማጉያው።

«እኔ ነኝ» አለች ትዋበች።

 ድምፅ ማጉያው ሲጥ የሚል ድምፅ አወጣ።

«አንቺ?» አሉ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።»

አቶ ቸሬ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አሉ። አንድ መንገድ ብቻ ታያቸው። በአገራቸው ያጠፋ ሰው የትልቅ ሰው እግር ላይ ይወድቃል፤ ትልቁ ሰውም «ተነሥ፣ ምሬሃለሁ» ሳይል አይቀርም።

«እግራቸው ላይ ውደቂ!» አሉ ልጃቸውን።

ትዋበች ጠረጴዛውን ዞራ በዳዴ ገባች።

«አይሆንም! ውጪ! ውጪ ከዚያ!» አንባረቀ ድምፅ ማጉያው። ወንበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ሸሸ።

ልጅቱ ግን ጥቁሩን ጫማ ልትስም ጎንበስ ብላ ነበር።

ጠረጴዛው ሥር ያገኘችው አረንጓዴ ቦቲ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም።