በስንዱ ትንፋሽ

የአምሳሉ ሳንባ ከደከመ ወዲህ የሚተነፍሰው በሚስቱ በስንዱ ልክ ነበር። በዚያ ዘመን የመተንፈሻ ጭንብል ከአንድ ጤነኛ ሰው ደረት ጋር ይጣመራል፤ ያ ሰው አየር ሲስብ ይነፋል፣ ሲያስወጣ ይለቃል። አንዴ ከተለማመደ ሌላ ሰው አይቀበልም። ስንዱ ዳገት መሮጥ ትታለች፤ ሳቅ ሲመጣባት እንኳ ከንፈሯን ትነክሳለች።

አንድ ማለዳ አጎቷ ጋሽ ይመር ጎረቤቶች አስከትለው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስታያቸው መርዶ መሆኑ ገባት።

«ስንዱዬ፣ ወንድምሽ ወንድይፍራው አርፏል» አሏት። ወዲያው ወደ አልጋው አይተው «ቀስ ብለሽ፣ ልጄ» አሉ በለሆሳስ።

ወንድይፍራው እናታቸው ከሞቱ በኋላ አዝሎ ያሳደጋት ታላቋ ነበር። ሳግ ደረቷን ናጠው፤ አምሳሉም በጭንብሉ ውስጥ ታፍኖ ተንፈራገጠ። ስንዱ አፏን በእጇ ይዛ እንደምንም ትንፋሿን አረጋጋች። ጎረቤቶቹ አቀረቀሩ።

አምሳሉ ጭንብሉን በገዛ እጁ አወለቀ።

«አልቅሺለት እንጂ» አላት።

ጮኸች። «ወንድሜ! አባቴ!» እያለች ደረቷን መታች። ብዙም ሳትቆይ ግን የአምሳሉ ከንፈር ሲጠቁር አየች፤ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ጭንብሉን መለሰችለት።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ስለ ወንድይፍራው ሲያለቅስ፣ ስንዱ በሩን ዘግታ ከባሏ ጎን ተቀምጣ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው በዝግታ ትተነፍስ ነበር።