ማጥፊያ የሌለው ግድግዳ

በዚያ ዘመን የደሴ ቤቶች ሁሉ ከአሜሪካ የመጣ፣ የሚሰማና የሚናገር ግድግዳ ነበራቸው። ግድግዳው ለቅሶን እንደ ሕመም ስለሚቆጥር፣ ሰው ጮኾ ሲያለቅስ ሙዚቃ ከፍቶ ድምፁን ይውጠው ነበር።

ወይዘሮ አትጠገብ የወንድማቸውን የመርሻን ሞት ሰምተው ከወልድያ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ!" እያሉ ሲገቡ፣ ግድግዳው ፒያኖ ከፈተና በለሰለሰ አማርኛ፣ "በረጅሙ ይተንፍሱ። ሕይወቱን በፈገግታ እናክብር" አላቸው።

"ዝም አሰኚልኝ ይህን!" ብለው በሟቹ ልጅ በምንታምር ላይ ጮኹ።

"አይጠፋም፣ አክስቴ። አሜሪካኖቹ ሲሠሩት ማጥፊያ አላበጁለትም።"

"እነሱ የራሳቸውን ሰው እንደ ልማዳቸው ይሸኙ! የእኔ ወንድም ምን በድሎኝ ነው በፈገግታ የምቀብረው?"

የልጅቷን እጅ ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። የሚጥለውን ዝናብ ከቁብ ሳይቆጥሩ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዱ ጀመር። ምንታምር ግን አጠገባቸው ቆማ አፍ አፋቸውን ታይ ነበር።

"አክስቴ፣ ምን ተብሎ ነው የሚለቀሰው?" አለች በመጨረሻ።

አትጠገብ ክው አሉ። ልጅቷ በዚያ ግድግዳ ምክንያት ለቅሶ ሳትሰማ ማደጓ ገብቷቸው፣ ከሐዘናቸው ይልቅ ንዴቱ አንገበገባቸው።

"አባትሽን ጥሪው፣ ልጄ። ጮኸሽ ጥሪው!"

"አባዬ" አለች ምንታምር፣ ቤቱን ዞር ብላ እያየች፣ በሹክሹክታ።