የነጡት ማዕዘኖች

ሦስተኛው የፎቶ ወረቀትም ከማጠቢያው መድኃኒት ሲወጣ አራቱ ማዕዘኖች ነጥተው ቀሩ። መሃል ያሉት ሙሽሮች ጥርት ብለዋል፤ ዳር የቆሙት ሚዜዎች ግን ዱቄት የተነፋባቸው መስለዋል። ልጅቱ የማጉያውን ማሽን ራስ ስትከፍት የጠረጠረችው አልቀረም፤ አባቷ ለትልቁ ኔጋቲቭ የትንሹን ኮንደንሰር፣ ያንን ብርሃን የሚሰበስብ ወፍራም ሌንስ፣ ገጥሞበታል። ዛሬም!

«አባዬ፣ ለትልቁ ትልቁን ያልከኝ አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ? በዚህ እኮ ብርሃኑ ዳር አይደርስም!»

«እኔ ሳየው ምንም አልሆነም» አለ ከጨለማ ክፍሉ መጋረጃ ማዶ። «ይሄን ሥራ አንቺ ሳትወለጂ ነው የጀመርኩት።»

ደሟ ፈላ። ዛሬስ አልፋታውም ብላ ሌንሱን ቀየረችና ፎቶውን እንደገና አጠበችው፤ ሚዜዎቹ እስከ ጫማቸው ብቅ አሉ። ሁለቱን እርጥብ ፎቶዎች አንጠልጥላ፣ መጋረጃውን ገልጣ አባቷ ፊት ተገተረች።

«ይሄ ያንተ ነው!» የነጣውን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። «ይሄ ደግሞ የእኔ!» ጥሩውን በግራ ትከሻው በኩል ዘረጋችው።

አባቷ ፊት ለፊት እያየ ጠበቀ። «የታለ ያንቺ?»

«አባዬ፣ አትቀልድብኝ።»

«ምን ቀልድ አለው? አምጪውና ልየው!»

ልትጮህ አፏን ከፍታ ተወችው። ፎቶውን ከትከሻው ወደ ፊቱ ቀስ እያደረገች ሳበችው። ጆሮውን አለፈ፣ ጉንጩን አለፈ፤ ዓይኑ ንቅንቅ አላለም። አፍንጫው ጋ ሲደርስ ብቻ ብሌኑ ዘለለ።

«ይኸው!» አለ እየተነጫነጨ። «እስካሁን የት ደብቀሽው ነው?»